የመሪጌታ ተረፈ መርፌ

መቶ አለቃ ሞላ የዝናብ ካፖርቱን ገና ሳያወልቅ የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ አስፋው ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ደረሰ። ጭቃው እስከ ጉልበቱ ወጥቷል፤ ራሱም በዝናብ ርሷል።

«መሪጌታ ዐረፉ» አለ።

ሞላ የወንበሩን ድጋፍ ይዞ ቆመ። መርዶው ያልተጠበቀ አልነበረም። መሪጌታ ተረፈን በሰኔ መባቻ ያበደ ውሻ ነክሷቸው፣ በነሐሴ በሽታው ተነሣባቸው። ውኃ ሲያዩ ጉሮሯቸው ይታነቃል፤ ነፋስ ሲነካቸው ሰውነታቸው ይንቀጠቀጣል። ከዚያ በሽታ ማንም እንደማይድን የመካነ ሰላም ሰው ሁሉ ያውቃል።

«ነፍሳቸውን ይማር» አለ ሞላ። «ለባለቤታቸው ተነግሯል?»

«ገና ነው። ወደ እርስዎ ቀድሜ የመጣሁት...» አስፋው በሩን ገፍቶ ገባ። «የገደላቸው በሽታው አይደለም፣ መቶ አለቃ። ሰው ነው።»

ሁለቱ በጉሙ ውስጥ ወደ ጤና ጣቢያው ወረዱ። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ከተማዋ ተዘግታ ነበር። ከአቀስታ ወዲህ ያለው መንገድ ጭቃ ሆኖ መኪና ከገባ ወር አልፎታል፤ ወደ ከላላ ወይም ወደ ደጎሎ የሚሄድም በበቅሎ፣ ያለዚያም በእግሩ ነው። ሬሳውን ደሴ ልኮ ማስመርመር የሚታሰብ አልነበረም። ይህን ያደረገውም ሰው ቢሆን ከዚሁ ጉም ውስጥ አልወጣም።

መሪጌታ የተኙት ከሌሎቹ በሽተኞች ተለይታ በጓሮ በኩል ባለች አንዲት ክፍል ነው። ነፋስ እንዳይገባባቸው መስኮቷ በብርድ ልብስ ተሸፍኗል። ራሳቸውን እንዳይጎዱ እጆቻቸው በአንሶላ ቅዳጅ ከአልጋው ብረት ጋር ታስረው ነበር። አሁን ማሰሪያው ተፈቷል። እጆቻቸው ደረታቸው ላይ ተጣጥፈዋል፤ ፊታቸው ታጥቧል፤ ጢማቸው ገና እርጥብ ነው።

ሞላ አጠገባቸው ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ። እኚህን ሰው የሚያውቃቸው እንደማንኛውም የከተማው ሰው አልነበረም። በዚያ የሰኔ ገበያ ቀን ውሻው መጀመሪያ የያዘው የእሱን ልጅ፣ ብዙዬን ነው። ልጅቷን አንገቷ ሥር ነክሶ ሲጥላት ሰው ሁሉ ሸሸ። መሪጌታ ብቻ በዱላቸው ገቡበት። ውሻውም ልጅቷን ለቆ የእሳቸውን ባት ያዘ። ሞላ ያን ውለታ የሚከፍልበት መንገድ ሳያገኝ ክረምቱ ገባ።

«በሕይወት ሳሉ ማንም ሊያጥባቸው አይችልም ነበር» አለ ሞላ። «ውኃ ማሳየት ማነቅ ነበርና። ያጠባቸው ሰው ከሞቱ በኋላ ነው ያጠባቸው።»

«አዎ።» አስፋው የመሪጌታን የዓይን ቆብ በጣቱ ገለጠ። «ይህን ይመልከቱ። በሽታው ብሌን ያሰፋል። የእሳቸው እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ጠቧል። እንዲህ የሚያደርገው ሞርፊን ነው። ክንዳቸው ላይም የመርፌ ቀዳዳ አለ። የመድኃኒት ቁም ሣጥኑን ስከፍት ሁለት ብልቃጥ ጎድሏል።»

«ቁም ሣጥኑ ተሰብሯል?»

«በቁልፍ ነው የተከፈተው። ቁልፉ ደግሞ አንድ ነው፤ የሚይዘው ሲስተር ንግሥቴ ናት።»

«እርስዎ ትናንት ማታ የት ነበሩ?»

«አዛዥዎ ሻለቃ አድማሴ ሳል ይዟቸዋል። ከሥራ እንደ ወጣሁ መርፌ ልወጋቸው ወደ ቤታቸው ሄድኩ።»

ሞላ ሻለቃ ከሚለው ቃል በላይ ሊጠይቀው አላሰበም። ወንጀሉን ራሱ ያመለከተ፣ የሟቹን ዓይን ከፍቶ ያሳየ ሰው ነው።

ንግሥቴ መድኃኒት ክፍል ውስጥ መርፌ ትቀቅል ነበር። ከደሴ ተመድባ ከመጣች ዓመት ያልሞላት ወጣት ነርስ ናት። ሞላን ስታይ መቆንጠጫውን አስቀመጠች።

«ቁልፉን ማን ወሰደው?» አላት።

«እኔ እንጃ። ምሽቱን ከገበያው በታች አንዲት ወላድ አስቸግሯታል ብለው ጠሩኝ። ጋዎኔን አውልቄ፣ የዝናብ ልብስ ደርቤ ሮጥኩ። ቁልፉ የጋዎኑ ኪስ ውስጥ ነበር። ስመለስም እዚያው አገኘሁት።»

«መቼ ተመለስሽ?»

«ሲነጋ። ልጁ በእግሩ ነው የመጣው። ይጠይቁ፤ ቤቱ ሙሉ ሰው ነበር።»

«ለመሪጌታ ሞርፊን ይሰጣቸው ብለሽ ከዶክተር ጋር ተጨቃጭቀሻል ይባላል።»

ከተማው አስፋውን ዶክተር እያለ ነው የሚጠራው፤ ሞላም እንደዚያው።

ንግሥቴ ዓይኗን አልሰበረችም። «ለምኜዋለሁ። ‹ትንፋሻቸውን ያቆመዋል፤ ሕግ አለ› አለኝ። መቶ አለቃ፣ ሲጮኹ በመስኮቱ ቆመው ሰምተዋቸዋል። እኔ ቁልፉ በእጄ እያለ መስማት ነበር ሥራዬ። እውነቱን ልንገርዎ? ቢፈቀድልኝ እሰጥ ነበር። ግን አልሰጠሁም።»

«ይህን ቃል ሌላ ሰው ፊት አትድገሚው» አላት ሞላ።

መሪጌታ የተኙባትን ክፍል ቁልፍ የሚጠብቀው ዘበኛው ጀብሪል ነው። ሽማግሌ ነው፤ ጠባብ በሆነችው የዘበኛ ቤት ውስጥ ካባውን ተከናንቦ አገኘው።

«ቁልፉን ለማን ሰጠህ?»

«ወላሂ ለማንም አልሰጠሁ ጌታው። መግሪብ ልሰግድ ስነሣ እዚህ ምስማር ላይ ሰቀልኩት። ዝናብ ስለነበር በመሪጌታ ክፍል ጓሮ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ቆምኩ።»

«ታዲያ ሰው ሲገባ አላየህም?»

«በሩ በወዲያ ነው። ግን ሰማሁ። ሁለት ሰው ያወራል። አንዱ ያለቅሳል መሰለኝ፤ ቆርቆሮው ይጮኻል፣ ድምፁን አልለየሁትም። ሶላት ላይ ነኝ፤ አቋርጬ አልሄድ። በመጨረሻ ግን አንድ ቃል ጥርት ብሎ መጣልኝ። ‹እግዚአብሔር ይፍታህ› የሚል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ጸጥ አለ። አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬስ ተኙ ብዬ ደስ አለኝ። ስመለስ ቁልፉ ምስማሩ ላይ ነው፤ በሩን ብገፋው ተቆልፏል።» ሽማግሌው አንገቱን ደፋ። «ደስ አለኝ ጌታው። እንዲያ መሆኑን መቼ አውቄ።»

ሞላ ከዘበኛው ቤት ሲወጣ አንድ ሰው ብቻ ነበር በሐሳቡ የነበረው። ይፍታህ የሚል ቄስ ነው። የመሪጌታ የነፍስ አባት ቄስ ውበቱ በሽተኛውን ወደ ጠበል ካልወሰድኩ ብለው ከአስፋው ጋር በጤና ጣቢያው በር ላይ ተጣልተው ነበር። መሪጌታ ጠበሉን መዋጥ አቅቷቸው ሲታነቁ ያየ ሰው ነገሩን በከተማው አዛምቶታል፤ ብዙው ሰው ጋኔን ይዟቸዋል ነው የሚለው።

ግን ቄስ ሞርፊን ከየት ያውቃል?

ከሰዓት በኋላ ሬሳው ተቀበረ። ሻለቃ አድማሴ፣ የአውራጃው ፖሊስ አዛዥ፣ ከቀብሩ መልስ ሞላን ቢሮው አስጠራው። ጋቢ ደርቦ ያስላል።

«ሰውዬው የሚሞት ሰው ነው» አለ ሻለቃው። «ግን ዶክተሩ ወንጀል ብሎ አመልክቷል፤ ስለዚህ ወንጀለኛ ያስፈልገናል። ቁልፉ የማን ነው?»

«የነርሷ። ግን ምሽቱን ሙሉ ወላድ ዘንድ ነበረች፤ ጠይቄ አረጋግጫለሁ።»

«ሳትሄድ በፊት ወግታቸው እንደሆነስ?»

«ዘበኛው ጭምጭምታ የሰማው እሷ ከሄደች በኋላ ነው።»

«ሶላት ላይ ሆኖ፣ በዝናብ፣ በቆርቆሮ ሥር የሰማውን ነው የምትነግረኝ ጓድ ሞላ?» ሻለቃው እስኪያቃስት ሳለ። «ስጡልኝ ብላ እንደለመነች ዶክተሩ ራሱ ነግሮኛል። ትናንት ሊወጋኝ ሲመጣ መርፌውን ሁለቴ ከእጁ ጥሎታል፤ የራዲዮው ዜና አልቆ፣ እኔም ቀርቷል ብዬ ልተኛ ስል ነው የደረሰው። ሰውየው አልቋል። ሌላ ጣጣ አትጨምርበት። ነርሷን አስገባትና ፋይሉን ጨርስ።»

ሞላ ንግሥቴን በዚያው ምሽት አስገባት። የእስር ክፍሉ የወንዶች ስለነበር ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ፍራሽ አነጠፉላት። አላለቀሰችም። «ነገ መርፌ የሚቀቅል የለም» ብቻ አለች።

በማግስቱ ሞላ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣ። ጾመ ፍልሰታ ነው፤ ካህናቱ ከአጥር ግቢው አይወጡም። ቄስ ውበቱ ከደጀ ሰላሙ ጥግ ተቀምጠው ነበር።

«አባ፣ በዚያ ምሽት የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ውዳሴ ማርያም እየተተረጎመ ነበር። የሰበካው ሰው ሁሉ ምስክሬ ነው።» ቄሱ ቀና አሉ። «ለምን ጠየቁኝ?»

«መሪጌታ ክፍል ውስጥ ‹እግዚአብሔር ይፍታህ› ያለ ሰው ተሰምቷል። እርስዎ ገብተው ናዝዘዋቸው መስሎኝ ነበር።»

«‹ይፍታህ› ነው የተባለው? ‹ይፍታዎት› አይደለም?»

«ይፍታህ።»

«እንግዲያው ለመሪጌታ የተባለ አይደለም። እኔ ዜማ የተማርኩት ከእሳቸው እግር ሥር ነው፤ በዚህ ደብር እሳቸውን አንተ የሚል ካህን የለም።»

ሞላ ወደ ቄሱ ጠጋ አለ። «እንግዲያው ያሉት ራሳቸው ናቸው?»

«እሳቸው ይሆናሉ። ደግሞ ‹ይፍታሽ› አላሉም።»

«መሪጌታ ግን ቄስ አይደሉም። እንዴት ይፈታሉ?»

«ንስሐ መስጠት የካህን ነው። ግን የበደለህ ሰው መጥቶ በደሌ ይህ ነው ካለህ፣ እግዚአብሔር ይፍታህ ለማለት ክህነት አያስፈልግም። የተበደለ ሰው ይለዋል።»

ሞላ ከደጀ ሰላሙ ሲወጣ ዝናቡ አልታወቀውም። ወንድ ነው። ከመሪጌታ በዕድሜ ያንሳል። በድሏቸው ነበር፤ በደሉንም ነግሯቸዋል። እኚያን ሰው ማን በደላቸው? ባላጋራ የላቸውም፤ ከማንም ጋር ችሎት ቆመው አያውቁም።

የመሪጌታ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ ብዙ አይርቅም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መደቡ ላይ ተቀምጠው ነበር። ለቀስተኛው ዝናቡን ሸሽቶ ተበትኗል።

«እትዬ፣ ያጥናዎት» አለ ሞላ፤ ከመደቡ ጫፍ ተቀመጠ። «መሪጌታን የበደለ ሰው ያውቃሉ?»

«እሳቸውን? ማን ይበድላቸዋል?» ቀና ብለው አዩት። «እኔ እርስዎን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ጋኔን ነው ይላሉ። ጠበሉን አልቀበል አሉ ይላሉ። እውነት ነው?»

«ውሸት ነው። በሽታው ነው ጉሮሮ የሚያንቀው። ሌላ ነገር የለበትም።»

«ታዲያ መርፌውን ጨርሰው የለ? እርስዎ ከልጅዎ ጋር ሲመላለሱ እሳቸውም አንድ ቀን አላስታጎሉም። ልጅዎን ያዳነ መድኃኒት እሳቸውን ምነው ከለከላቸው? ሰው ጋኔን የሚለው እኮ ለዚህ ነው።»

ሞላ ወደ እሳቸው ዞረ።

«ልጅቷ ሆዷ እያበጠ ስትሠቃይ ነበር አሉ» ቀጠሉ ሴትዮዋ። «እኔም ለእሳቸው በየማታው ጨው በጨርቅ እያሞቅሁ ልይዝላቸው ስነሣ ‹ምኑን ትይዢዋለሽ? አላበጠ፣ አልቀላ፤ ትንኝ የነካኝን ያህል ነው› እያሉ ይስቁብኝ ነበር።»

ያን ጊዜ ሞላ በሰኔ የነበረውን አግዳሚ ወንበር አየው። እሱ፣ ብዙዬና መሪጌታ በየቀኑ እዚያ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። መርፌው እምብርት ዙሪያ ነው የሚወጋው። ብዙዬ ታለቅሳለች፤ መሪጌታ «አብሽሪ የኔ ልጅ» እያሉ ያባብሏታል። አንድ ቀን ብዙዬ፣ የእሷ መድኃኒት እንደ ገብስ ውኃ ደፍርሶ የእሳቸው ለምን ጥርት እንዳለ ጠየቀቻቸው። «አንቺ ጎበዝ ስለሆንሽ ወፍራሙን ሰጡሽ» አሏት። ሞላም አብሯቸው ሳቀ። መርማሪ ነው፤ ዓይኑ እያየ ነበር፤ ሳቀ።

ከመደቡ ተነሥቶ የበሩን መቃን ይዞ ቆመ። ወለተ ጊዮርጊስ የገባውን ሳያውቁ «ጉንፋን እንዳይሆን» አሉት።

ፖሊስ ጣቢያ ደርሶ ንግሥቴ ፍራሽ አጠገብ ተቀመጠ።

«የውሻው ክትባት የት ነበር የሚቀመጠው?»

«በላምባው ፍሪጅ። ከቀዝቃዛ ከወጣ ይበላሻል።»

«የመሪጌታስ?»

«የእሳቸውን የሚወጋው ዶክተሩ ራሱ ነው። ከመደርደሪያው እያነሣ... ከደሴ የመጣው ካርቶን ሲከፈት አብዛኛው ተሰባብሮ ነበር። ከመንገዱ ብልሽት ነው። ለአንድ ሰው የሚበቃ ብቻ ተረፈ። ‹ለመሪጌታ ሌላ አግኝቻለሁ› ሲለኝ አመንኩት። ለምን አላምነውም? አለቃዬ ነው።» ፍራሹ ላይ ቀና ብላ ተቀመጠች። «ከመደርደሪያው ነበር የሚያነሣው፣ መቶ አለቃ።»

አስፋው ምርመራ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ነበር። ውጭ በረንዳው ላይ በሽተኞች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። ሞላ ገብቶ በሩን ዘጋው።

«ሻለቃ ቤት የደረስከው የራዲዮው ዜና ካለቀ በኋላ ነው። ከሥራ እንደ ወጣህ አይደለም።» እስከዚያ ቀን እርስዎ ይለው ነበር። «የመሪጌታ መርፌ ውስጥ ምን ነበር?»

አስፋው እንደ ደነገጠ ሰው አልሆነም። ብዙ የቆመ ሰው መቀመጫ ሲያገኝ እንደሚያደርገው ወንበሩ ላይ ለቀቅ አለ።

«የተጣራ ውኃ» አለ። «ክትባቱ ለአንድ ሰው ብቻ ነበር። ልጅዎ ሕፃን ናት፤ አንገቷ ሥር ነው የተነከሰችው፤ ወደ ጭንቅላት በቀረበ ቁጥር ይፈጥናል። እሳቸው እግራቸውን ነው። ለማን ይሰጥ ብለው የፈለጉትን ሐኪም ቢጠይቁ ያንኑ ይልዎታል።»

«እሱን አልጠየቅሁህም። ለምን ዋሸሃቸው?»

«ሌላ አዝዤ ነበር። በሳምንት ይደርሳል ተባልኩ። እስኪደርስ እንዳይደነግጡ ብዬ ጀመርኩት። ከዚያ ዝናቡ ቀደመ፤ መኪና ቀረ። በመጀመሪያው ቀን ዋሽቼ በሁለተኛው ቀን እውነቱን የምናገርበት አፍ አጣሁ። እርስዎም በየቀኑ አጠገባቸው ነበሩ። ሽጉጥዎን ታጥቀው።»

ሞላ የተናገረውን አልረሳም። በመጀመሪያው ቀን ልጁን ታቅፎ እዚሁ ክፍል ገብቶ፣ «አንድ ነገር ብትሆን ከእርስዎ ራስ አልወርድም» ብሎት ነበር። ክትባቱ ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ መሆኑን አላወቀም። ማንም አልነገረውም። ቢነገረው ምን ይል እንደነበር ግን ያውቃል።

«በሰኔ ቢነገራቸው ደሴ ሄደው ያገኙ ነበር» አለ ሞላ።

«ያገኙ ነበር ይሆናል።»

«ለምን ገደልካቸው?»

«አልፎ አልፎ ልቡናቸው ይመለስ ነበር። ያን ምሽት ገብቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰሙኝ። ‹እግዚአብሔር ይፍታህ› አሉኝ። እጄን ፍታልኝ አሉ፤ ፈታሁላቸው፤ አማተቡ። የመጀመሪያውን ብልቃጥ ለሕመማቸው ሰጠኋቸው። ፋታ አገኙ።»

«ሁለተኛውንስ?»

አስፋው መዳፎቹን አያቸው።

«ጨርሰኝ ብለው ለመኑህ?»

«መሪጌታ እንዲህ ያለ ነገር አይለምኑም። አልጠየቁኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸው። ፋታው ሲያልፍ እንደገና እንደሚጀምራቸው አውቃለሁ። ይቅር ያለኝን ሰው እንደዚያ ሆኖ ማየት አቃተኝ። ለእሳቸው ብዬ ይሁን ለራሴ፣ ከዚያ ወዲህ ሳስበው ነው የዋልኩት፤ መለየት አልቻልኩም። ከዚያ ፊታቸውን አጠብኩ። ውኃ ናፍቋቸው ነበር።»

«ለምን ራስህ መጥተህ አመለከትክ?»

«እኔ ነኝ ልል ነበር የመጣሁት። በርዎ ላይ ስደርስ ‹ሰው ነው› የሚለው ብቻ ወጣልኝ።»

«ንግሥቴን ሳስራት ዝም አልክ።»

«ዝም አልኩ» አለ አስፋው።

በረንዳው ላይ አንድ ሕፃን ሳለ። ሞላ ካቴናውን ከወገቡ አወጣ፤ ከዚያ የተሰለፈውን ሰው በመስኮት አየ። በሌጋምቦም በከላላም በኩል ያለው ሰው በዚህ ክረምት ሌላ ሐኪም አያገኝም። ካቴናውን መለሰ። አንድ ፖሊስ አስጠርቶ ከበሩ ላይ አቆመ። «ሥራህን ሥራ» አለው አስፋውን። «ማታ ማታ ግን ጣቢያ ነው የምታድረው።»

ሻለቃ አድማሴ ነገሩን ሰምቶ እስኪጨርስ አላቋረጠውም። ከዚያ ጋቢውን አጣፋ።

«ነርሷን ልቀቃት። ሰውየው በበሽታው ሞተ ብለህ ዝጋው።»

«ሻለቃ፣ አምኗል እኮ።»

«ለአንተ ነው ያመነው። ሐኪሙን ደሴ ከላክነው የዚህ አገር ወላድ ማን ያዋልዳል? ደግሞ እስቲ አስበው፤ ፋይሉ ውስጥ የሚገባው የማን ስም ነው? የመሪጌታን መድኃኒት የወሰደችው የመርማሪው ልጅ ናት። ‹ሐኪሙን በሽጉጥ አስገድዶ› ቢሉህ ምን ትመልሳለህ? ልጅህስ ስታድግ ምን ትሰማለች?»

ሞላ ከቢሮው ወጥቶ ብዙ ቆመ። ቢዘጋው ንግሥቴ ነፃ ትሆናለች፤ አስፋው ሲያክም ይኖራል፤ ብዙዬም ሳትሰማ ታድጋለች። የሚቀረው በቤታቸው መደብ ላይ ባሌን የገደለው ጋኔን ነው እያሉ የሚኖሩት ሴትዮ ብቻ ናቸው። ቢልከው ደግሞ አውራጃው ያለ ሐኪም፣ ልጁም እንዲህ ካለ ነገር ጋር ትቀራለች። ጉዳዩን ለሌላ መርማሪ እንዳያስረክብ ሌላ መርማሪ የለም፤ ቢኖርም መንገድ የለም። ሕጉም የሚሞትን ሰው መግደል የሚጠራበት የተለየ ስም የለውም። በየትም በኩል ቢያስበው መውጫ አልነበረውም።

ንግሥቴን ለቀቃትና ወደ ወለተ ጊዮርጊስ ቤት ወጣ።

ሁሉንም ነገራቸው፤ ውኃውን፣ ሞርፊኑን፣ ሽጉጡን፣ የልጁን ስም። ሴትዮዋ እሳቱን እየተመለከቱ ሰሙት። ሲጨርስ አንድ እንጨት ወደ እሳቱ ገፉ።

«እንግዲያው ጋኔን አይደለም» አሉ።

«አይደለም።»

«ልጅቷ ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት እትዬ።»

«በሰኔ መንገዱ ክፍት ነበር» አሉ፤ ድምፃቸው ከፍ አላለም። «እሳቸውን ቢጠይቋቸው ‹ለልጅቷ ስጧት› ይሉ ነበር። ለእሷ ብለው አይደል የተነከሱት? ከዚያ ዱላቸውን አንሥተው ወደ ደሴ ይሄዱ ነበር። በእግራቸውም ቢሆን። ሰውየው ለማን እንደሚሰጥ መምረጡን አልጠላሁበትም። ግን ማንም አልጠየቃቸውም። በመርፌውም አልጠየቋቸው፣ በሞታቸውም አልጠየቋቸው። ይቅር ማለቱን እሳቸው ብለውታል፤ የእሳቸው ነው። የእኔ ገና ነው። ይህን ጻፉልኝ።»

ሞላ ጻፈው። ሴትዮዋ አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ውስጥ ነክረው ከቃላቸው ሥር አሳረፉ።

«ሌላ የሚሉት አለ?»

«ልጅቷን ያምጡልኝ። ከአገሬው አፍ ከምትሰማው ከእኔ ትስማ።»

ፋይሉ በበቅሎ ወደ አቀስታ፣ ከዚያ ወደ ደሴ ሄደ። ሻለቃ አድማሴ ሞላን እስከ ክረምቱ መውጫ አላናገረውም። አስፋው ቀን ቀን እያከመ፣ ማታ ማታ ጣቢያው እያደረ ቆይቶ በመስከረም መጨረሻ በገባው የመጀመሪያ መኪና ተጫነ። ሞላም በዚያው መኪና በመጣ ደብዳቤ ከምርመራ ሥራ ታግዶ ነበር። ጤና ጣቢያው ለንግሥቴ ቀረ።

ልጁን ወደ ወለተ ጊዮርጊስ የወሰዳት ግን ያኔውኑ፣ ቃላቸውን በተቀበለ ማግስት ነው። ዳገቱን እጇን ይዞ አወጣት።

«አባባ፣ ለምንድን ነው የምንሄደው?»

«እትዬ የሚነግሩሽ ነገር አላቸው።»

በሩ ክፍት ነበር። ወለተ ጊዮርጊስ ከመደቡ ተነሥተው ልጅቷን አንገቷ ሥር ካለው ጠባሳ ጀምሮ እስከ እግሯ ተመለከቷት፤ ከዚያ እጃቸውን ዘረጉላት። ብዙዬ ወደ አባቷ ዞር ብላ አየችና ገባች። ሞላ ካፖርቱን ሳያወልቅ ደጃፉ ላይ፣ ዝናቡ ውስጥ ቀረ። ከውስጥ የሴትዮዋ ድምፅ ቀስ ብሎ ሲጀምር ሰማ።